በቆሽት ላይ የተገኘ ከረጢት ሁሉ ነቀርሳ ነውን?



ሰው ክፉኛ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ልጅ ሲያስቸግርም እናት «ኧረ ቆሽቴን አታሳርረው» ትላለች። በንግግራችን ውስጥ ይህን ያህል ቦታ የያዘው ቆሽት የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ግን አጥርቶ የሚመልስ ሰው ብዙ አይደለም። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን፣ ጣፊያውን፣ ጨጓራውን እየለየን በስሙ እንጠራለን፤ ቆሽቱ ግን ከስቡ ጋር ተመሳስሎ ማንም ልብ ሳይለው ያልፋል።

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን ስለ ነቀርሳ በሽታ ወሬ ተነሥቶ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዱ «ቆሽት ላይ ዕጢ ከተገኘማ አለቀ፤ ንስሐ መግባት ነው» አለ። አባባሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የቆሽት ነቀርሳ ከነቀርሳዎች ሁሉ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ምልክቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ከተሠራጨ በኋላም የሚድን ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በቆሽት ላይ የሚገኝ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። በተለይ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ዕድሜ ልክ ቢቀመጡ ሰውን የማይጎዱ አሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ እጅግ ብርቅ ከመሆናቸው የተነሣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሐኪም እንኳ አንድም ጊዜ ላያጋጥሙት ይችላሉ። ጭንቁ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ብርቅ የሆነውና የማይጎዳው ከረጢት በፎቶግራፍ ሲታይ ከክፉው ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ቆሽት ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት አግድም የተጋደመ ለስላሳ አካል ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 100 ግራም ገደማ ነው። የባዮሎጂ መጻሕፍት ራስ፣ አንገት፣ አካልና ጅራት ብለው ይከፍሉታል። ራሱ በትንሹ አንጀት መጀመሪያ እቅፍ ውስጥ ይገባል፤ ጅራቱ ወደ ግራ ተዘርግቶ ጣፊያ አጠገብ ይደርሳል። ጅራቱና ጣፊያው ጎረቤት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል። ፓንክሪያስ የሚለው የግሪክ ስሙ «ሁለመናው ሥጋ» ማለት ነው፤ አጥንትም ሆነ ልም አጥንት የለውምና።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ቅባትን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን እያዘጋጀ በቦይ ወደ አንጀት ማፍሰስ ነው። ይህን ቦይ እ.ኤ.አ. በ1642 በኢጣልያ አገር በፓዱዋ ከተማ ያገኘው ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ያገኘውም በሞት የተቀጣ ወንጀለኛ አስከሬን ሲመረምር ነው። ሁለተኛው ሥራ የደምን ስኳር የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ማመንጨት ነው። ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ደሴት መሰል የሕዋስ ስብስቦች እ.ኤ.አ. በ1869 በበርሊን ገልጾ የጻፈው ፓውል ላንገርሃንስ ያን ጊዜ የ21 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር። ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይርቅም! ደሴቶቹ ምን እንደሚሠሩ እሱ አላወቀም፤ ኢንሱሊን በቶሮንቶ በባንቲንግና በቤስት ተለይቶ የወጣው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው።

እንግዲህ ቆሽት ሥጋ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያዘጋጅ ሥጋ ነው። ፈሳሹ ከቦዩ ወጥቶ ከፈሰሰ ራሱን ቆሽቱን፣ ጎረቤቶቹንም መብላት ይጀምራል። ቀዶ ሐኪሞች ቆሽትን የሚፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ከረጢት

ከረጢት ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ግድግዳውና በውስጡ የተቋጠረው። በሽተኛው የሚሰማው «ውሃ ቋጥሯል» የሚለውን ነው፤ ለሐኪሙ ግን ዋናው ቁም ነገር ግድግዳው ነው። የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ በምን ዓይነት ሕዋስ ተለብጧል? ጭራሽስ ልባጭ አለው ወይ? የከረጢቱን ጠባይ የሚወስነው ይህ ነው።

ልባጭ የሌለው «የሐሰት ከረጢት» ይባላል። ቆሽት በሐሞት ጠጠር ወይም በመጠጥ ብዛት ሲቆጣ ፈሳሹ ይፈስና ሰውነት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። አጥሩ እስኪጠነክር አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ብዙው በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ታሪኩ ራሱ ይናገራል፤ በሽተኛው ከወራት በፊት ወደ ጀርባ በሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ተይዞ እንደነበር ይገልጻል።

የራሳቸው ልባጭ ያላቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩት ውሎ አድሮ ወደ ነቀርሳ ሊለወጡ ስለሚችሉ በዓይነ ቁራኛ ይጠበቃሉ፤ እንደ ሁኔታውም ይወጣሉ። በነዚህ አንጻር ደግሞ ቀጭን ውሃ የቋጠረ፣ ሲሰነጠቅ ልክ እንደ ማር እንጀራ በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ፣ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ጠባሳ ያለበት ዕጢ አለ። ሰረስ ሲስታዴኖማ ይባላል። ወደ ነቀርሳ ተለወጠ የሚባለው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። እነዚህን ሁለት ወገኖች አጥርተው የለዩት ኮምፓኞና ኦርቴል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጧቸው ሁለት ጽሑፎች ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠሩ ስለነበር ደጉ በክፉው ዕዳ ተይዞ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ሐኪሞች ለማስታወስ እንዲመቻቸው ለሴቶች ዕጢዎች የቤተሰብ ስም አውጥተውላቸዋል። የማር እንጀራው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ «የአያት»፣ በቆሽት አካልና ጅራት ላይ የሚወጣው ዝልግልጉ «የእናት»፣ ቨርጂኒያ ፍራንትስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 የገለጸችው በወጣት ሴቶች ላይ የሚወጣው ደግሞ «የልጅ» ይባላል። ለፈተና የሚያጠና ሰው ይህን ቢይዝ አይጎዳም።

ብርቅዬዎቹ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንምጣ። ከብርቅዬዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ሊምፎኤፒተልያል ሲስት የሚባለው ነው። በጀርመን አገር ሉህትራትና ሽሪፈርስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ገለጹት። በቤተሰብ ስም የጠቀስናቸው ዕጢዎች በሴቶች ላይ ሲበዙ ይህኛው በተቃራኒው ነው፤ ከተያዙት አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ወንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ግድግዳው ሲታይ ነገሩ ግራ ያጋባል። ውስጠኛው ልባጭ እንደ ቆዳችን ጠፍጣፋ ሆነው የተነባበሩ ሕዋሳት ናቸው። ከልባጩ ውጪ ደግሞ ልክ በብብትና በብሽሽት እንደምናውቀው ንፍፊት ያለ የሊምፍ ሥጋ ዙሪያውን ይከብበዋል። በውስጡ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ውሃ አይደለም፤ ከልባጩ እየተቀረፈ የተጠራቀመ፣ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ይህም ጥፍርና ፀጉራችን የተሠሩበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ነው።

ቆዳ በቆሽት ውስጥ ምን ይሠራል? ሊቃውንቱ በዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዶቹ የቆሽት ቦይ ሕዋሳት ጠባያቸውን ለውጠው ቆዳ መሰል ይሆናሉ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሰውነት ገና በማሕፀን ሲሠራ በቆሽት አጠገብ ባለ ንፍፊት ውስጥ ተሳስቶ የቀረ ሕዋስ ነው ይላሉ። በጆሮ ግንድ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ላይ ይህን የሚመስል ከረጢት ይወጣል፤ ያኛው ከኤችአይቪ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ሲችል የቆሽቱ ግን ግንኙነት የለውም። ይህን የጠቀስሁት በሽተኛን በከንቱ የሚያስጠረጥር ወሬ ቶሎ ስለሚነዛ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው። የቆሽት ነቀርሳን ለመከታተል በደም ውስጥ የሚለካ ሲኤ 19-9 የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሊምፎኤፒተልያል ሲስት ልባጭ ይህንኑ ንጥረ ነገር ማመንጨት ይችላል። እንግዲህ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው በቆሽቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት፤ ደሙ ሲመረመርም ሲኤ 19-9 ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። ሐኪሙ ነቀርሳ ነው ብሎ ቢያስብ ይፈረድበታል? ሰውየው በኦፕራሲዮን ይከፈታል፣ ከረጢቱ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም ክፋት ያልነበረው ሆኖ ይገኛል። ሊምፎኤፒተልያል ሲስት ወደ ነቀርሳ አይለወጥም፤ ከወጣ በኋላም ተመልሶ አይበቅልም።

ሁለተኛው ብርቅዬ ከጣፊያ ጋር የተያያዘ ነው። ከአሥር ሰዎች መካከል አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከዋናው ጣፊያው ሌላ እንደ አተር ወይም እንደ ባቄላ ያለች ትርፍ ጣፊያ ይዞ ይወለዳል። አብዛኛው ሰው ሳያውቃት ይኖራል፤ ሳያውቃትም ይሞታል። ትርፏ ጣፊያ ብዙ ጊዜ የምትገኘው የጣፊያ ደም ሥሮች በሚገቡበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን በጎረቤቱ በቆሽት ጅራት ውስጥ ነው። በዚህች ጣፊያ ውስጥ ከረጢት ሲፈጠር ኤፒደርሞይድ ሲስት ይባላል። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እሱም እንደ ፊተኛው ሲኤ 19-9ን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እሱም ወደ ነቀርሳ አይሄድም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ጣፊያ ያረጁና የተጎዱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ለቅሞ የሚያስወግድ አካል ነው። ስለዚህ የበሽተኛው ደም ጥቂት ተወስዶ ቀይ ሕዋሳቱ በሙቀት ይጎዱና ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተለጥፎባቸው ወደ ሰውነቱ ይመለሳሉ። ጣፊያ የሆነ ሥጋ ሁሉ፣ በቆሽት ውስጥ የተደበቀው ጭምር፣ እነሱን ሲለቅም በመሣሪያው ላይ ደምቆ ይታያል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። ደርሞይድ የሚባለው ፀጉርና ቅባት፣ አንዳንዴም ጥርስ የያዘ ከረጢት ሲሆን በብዛት የሚታወቀው በሴቶች ዕንቁላል ማመንጫ ላይ ነው፤ በቆሽት ላይ መገኘቱ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ሊምፋንጂኦማ ከሊምፍ ቧንቧዎች የሚነሣ ሲሆን ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሊኖረው ይችላል። በዘር የሚተላለፍ ፎን ሂፕል ሊንዳው የተባለ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በቆሽታቸው ላይ ብዙ ተራ ከረጢቶች ያወጣሉ። በነዚህ ሰዎች ላይ የሚያሠጋው ከከረጢቶቹ ይልቅ በኩላሊትና በአንጎል ላይ የሚወጣው ስለሆነ የከረጢቶቹ መገኘት ሌላውን ለመመርመር እንደ ጥቆማ ያገለግላል።

ታዲያ ሁሉንም አውጥቶ መጣል አይሻልም?

ይህ ጥያቄ በክርክራችን ላይም ተነሥቶ ነበር። «ለምን ይጠረጠራል? ይውጣና ይገላገሉት» የሚል። መልሱ ቆሽት እንደ ትርፍ አንጀት በቀላሉ ተቆርጦ የሚጣል ባለመሆኑ ነው። ከረጢቱ በቆሽት ራስ ላይ ከሆነ ከቆሽቱ ራስ ጋር የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቦይ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም የጨጓራ ጫፍ አብረው ይወጣሉ፤ የተረፈውም እንደገና እርስ በርሱ ይሰፋል። ይህ ኦፕራሲዮን እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራውን ባሳወቀው በአለን ዊፕል ስም ይጠራል፤ በርሊን ውስጥ ካውሽ የተባለ ጀርመናዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1909 ቀድሞ ሠርቶታል። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከአራት በሽተኞች አንዱ ያህል በዚሁ ኦፕራሲዮን ሳቢያ ይሞት ነበር። ዛሬ ሥራውን አዘውትረው በሚሠሩ ሆስፒታሎች የሚሞተው ከመቶ አምስት አይሞላም። ቢሆንም ስፌቱ እያፈሰሰ ሳምንታት የሚያስተኛቸው በሽተኞች ብዙ ናቸው። ከረጢቱ በጅራት ላይ ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ይቀላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጣፊያ አብሮ ይወጣል። ጣፊያ የሌለው ሰው ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች ስለሚጋለጥ ክትባት ያስፈልገዋል። ብዙ ቆሽት የተቆረጠበት ሰው ደግሞ የስኳር በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ምንም ላያደርገው ለሚችል ከረጢት ይህን ሁሉ መክፈል ከባድ ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል ሁሉንም ንቆ መተውም አይቻልም። ዝልግልጉን ወገን ትቶ መቀመጥ ጥቂቶቹን ለነቀርሳ አሳልፎ መስጠት ነው።

የእናቴ ታናሽ እኅት ለሐሞት ጠጠር ተብሎ በአልትራሳውንድ ስትመረመር በቆሽቷ ላይ ከረጢት ታየ። በልማዳችን ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርምና ዘመድ ተሰብስቦ «ለእሷ እንዳይነገር» ተባለ። አጎቴ በሬ ለመሸጥ ገበያ ወጣ፤ ጎረቤቶች ገና በሕይወት እያለች በሹክሹክታ ያለቅሱላት ጀመር። እሷ ደግሞ ሁሉም ዝም ሲላት ጊዜ ሳትጠየቅ መሞቷን አምና እህል መቅመስ ተወች። በሲቲ ስካን ሲታይ ከረጢቱ ያ የማር እንጀራ መሳዩ፣ በመካከሉ ጠባሳ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ በየጊዜው እየመጣች ትታይ አለ። ዛሬም እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። በእኔ አስተያየት በነዚያ ሳምንታት እሷን የጎዳት ከረጢቱ ሳይሆን ዝምታው ነበር።

ይህን መሰል ነገር ዛሬ የሚበዛው መሣሪያው ስለበዛ ነው። ለሌላ ነገር ተብለው በሲቲ ስካን ከሚታዩ መቶ ሰዎች በሁለቱ ወይም በሦስቱ ቆሽት ላይ ሳይታሰብ ከረጢት ይገኛል፤ ዕድሜ ሲገፋም ቁጥሩ ይጨምራል። ባለቤቶቹ ምንም ሳያማቸው የኖሩ ናቸው።

እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ሥዕሉ ይታያል። የማር እንጀራ ነው ወይስ አንድ ወጥ ጎድጓድ? ከቆሽቱ ቦይ ጋር ይገናኛል? በግድግዳው ላይ ጉብታ አለበት? ለዚህ ኤምአርአይ የተባለው መሣሪያ ከሲቲ ስካን ይበልጥ ያጠራል። በዚህ ካልተለየ በጫፉ አልትራሳውንድ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍ ወደ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራና ቆሽት ጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ ከዚያ ሆኖ ከረጢቱን በቅርብ ማየት፣ በቀጭን መርፌም ከፈሳሹ መቅዳት ይቻላል። ይህ ምርመራ ሠልጥኖ የሚሠራ ባለሙያ ስለሚጠይቅ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም።

የተቀዳው ፈሳሽ ብዙ ይናገራል። በመርፌው ጫፍና በጣት መካከል እንደ ተልባ ከተለጠጠ ዝልግልጉ ወገን መሆኑ ይጠረጠራል። አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም እጅግ ከበዛ ከረጢቱ ከቆሽት ቦይ ጋር ይገናኛል ማለት ነው፤ የሐሰት ከረጢት ሊሆን ይችላል። ሲኢኤ የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ የአሜሪካ ጥናት መሠረት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ192 ናኖ ግራም ከበለጠ ዝልግልጉ ነው ይባላል። ይኸው መለኪያ ከመቶ 80 ያህል ጊዜ ነው የሚያስተማምነው። ከሚያሳስቱትም መካከል ያው ሊምፎኤፒተልያል ሲስት አለበት፤ በፈሳሹ ውስጥም ሲኢኤን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን በመርፌው ከወጣው ላይ ቅርፊት መሰል የኬራቲን ብጥስጣሽ፣ የሊምፍ ሕዋሳትና የኮሌስትሮል ክርስታሎች በማይክሮስኮፕ ከታዩ ነገሩ ይገለጣል። ያን ጊዜ በሽተኛውን የማያሠቃየው ከሆነ ከረጢቱ ሳይነካ ሊተው ይችላል። አንድ ብልቃጥ ፈሳሽና በጥንቃቄ የሚያይ አንድ ፓቶሎጂስት ሰውን ከዊፕል ኦፕራሲዮን ያድናሉ ማለት ነው።

መርፌ ሳይታሰብበት የማይገባበት አንድ ከረጢት ግን አለ። ይህ ከሕዋስ ሳይሆን ከትል የሚነሣው የሃይዳቲድ ከረጢት ነው። ትሉ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ነው። ዕንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች ከሣር ጋር ይበሉታል፤ ሰውም ባልታጠበ እጅና በተበከለ ውሃ ይወስደዋል። የታረደው በግ በከረጢት የተሞላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ለውሻ ሲጣል ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ከብርቅዬዎቹ ሁሉ ለአገራችን ቅርብ የሆነው ይህ ነው። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ በሚኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥናት ተደርጎበታል፤ ከመካከላችን ወደ አርብቶ አደር አካባቢ የሚመደብ ሰው ሊያጋጥመው ይችላል። በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በጉበት፣ ቀጥሎም በሳንባ ነው፤ ቆሽት ላይ የሚያርፈው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እንኳ አይሞላም። ባረፈ ጊዜ ግን በሥዕል ላይ ከሌላው ከረጢት ጋር ይመሳሰላል። ሳይታወቅ ተወግቶ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የሰውነት ቁጣ ቀስቅሶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ባይገድልም በየቦታው አዳዲስ ከረጢቶችን ይዘራል። ሐኪሙ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት «ከብት ታረባላችሁ? ቤት ውስጥ ውሻ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ደምም አስቀድሞ የሚያስመረምረው ለዚህ ነው።